«የትኛው ኔትወርክ የበለጠ ይከፍላል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጎንደር ከተማ ፒያሳ አካባቢ የኮምፒውተር ጥገናና የጽሕፈት አገልግሎት የምሰጥባት አነስተኛ ሱቅ አለችኝ። ከዚሁ ሥራ ጎን ለጎን የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያሳውቅ፣ ለጥምቀት ወደ ከተማችን ለሚመጡ እንግዶችም ስለ ፋሲል ግቢ፣ ስለ ቁስቋምና ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መረጃ የሚሰጥ የአማርኛ ድረ ገጽ ከከፈትሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በቅርብ ጊዜ ወደ ሱቄ የሚመጡ በርካታ ወጣቶች የእግር ኳስ ዜና፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ማጥኛ ወይም የሥራ ማስታወቂያ የሚያወጡ ድረ ገጾችን ከፍተው አገኛቸዋለሁ። ሁሉም የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው አድ ኔትወርክ (የአስተዋዋቂዎችን ማስታወቂያ በድረ ገጾች ላይ እያወጣ ለባለቤቶቹ የሚከፍል አገናኝ ድርጅት) የበለጠ ይከፍላል?» ይላሉ። እኔንም በመጀመሪያ ያሳሳተኝ ይኸው ጥያቄ ስለ ነበር፣ የደረሰብኝንና ከዚያ በኋላ የተረዳሁትን በጋዜጣችሁ በኩል ለማካፈል እወዳለሁ።

ድረ ገጼ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ፣ ማመልከቻ ባስገባሁበት ዕለት የተቀበለኝ፣ በሺህ እይታ የሚከፍለውም ከሌሎቹ እጅግ የሚበልጥ እንደ ሆነ የነገረኝ አንድ የውጭ ኔትወርክ አገኘሁ። ማስታወቂያዎቹን የሚያመጣውን፣ የሰጠኝን ኮድ በገጾቼ ላይ አስቀመጥሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም የገቢው አኃዝ ሲያድግ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ አዘዞ የሚኖሩ አንዲት አክስቴ ስልካቸውን ይዘው ሱቄ ድረስ መጡ። የፍልሰታን ጾም መግቢያ ለማየት የእኔን ድረ ገጽ ሲከፍቱ «ስልክዎ በቫይረስ ተይዟል፣ ለማጽዳት እዚህ ይንኩ» የሚል ጽሑፍ መጥቶባቸው፣ ነክተውት፣ የማያውቁት መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ተጭኖ የሞሉትን ካርድ ሁሉ ጨርሶባቸዋል። «አንተ የጻፍኸው መስሎኝ ነው እኮ የነካሁት፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ ግን በሱቄ ኮምፒውተር ደጋግሜ ብከፍተውም እንዲህ ያለ ነገር አይታየኝም ነበር። ማስታወቂያው በስልክ ለሚገቡ ሰዎች ብቻ፣ ለዚያውም ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲወጣ ተደርጎ የተሠራ መሆኑን የተረዳሁት የአንድ ደንበኛዬን ስልክ ተውሼ ከሞከርሁ በኋላ ነው። ኮዱን በዚያው ቀን አነሣሁት። የተጠራቀመው ገንዘብ ከዝቅተኛው የመክፈያ መጠን በታች ስለ ነበር አንድም ሳንቲም አልደረሰኝም። ከገንዘቡ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን አክስቴ የተናገሩት ቃል ነው። አንባቢ በገጻችን ላይ የሚያየውን ሁሉ የእኛ ቃል አድርጎ ይወስደዋልና።

ጋዜጣ ማስታወቂያ ሲቀበል በመጀመሪያ ያነብበዋል፤ የማይሆነውን ይመልሳል። የድረ ገጽ ባለቤት ግን ቦታውን ለኔትወርኩ አከራይቶ ማን እንደሚገባበት ሳያይ ያድራል። ገጹ በሚከፈትባት ቅጽበት አስተዋዋቂዎች በኮምፒውተር ጨረታ ይወዳደራሉ፤ ያሸነፈውም ለዚያ አንባቢ ብቻ ይታያል። ስለዚህ አንድ ኔትወርክ የማይፈለጉ የማስታወቂያ ዓይነቶችን ለመከልከል የሚያስችል መቆጣጠሪያ ለባለቤቱ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው፣ በእኔ አስተያየት ከክፍያው ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ለምሳሌ የጉግል አድ ኔትወርክ የሆነው አድሴንስ የቁማርን፣ የመጠጥን፣ የፍቅር ጓደኛ ማፈላለጊያንና በአቋራጭ ባለጠጋ አደርጋለሁ ባዮችን ማስታወቂያ በየዘርፉ ለመዝጋት ያስችላል። የጾም ቀን በሚነገርበት ገጽ ላይ የውርርድ ማስታወቂያ እንዳይወጣ ማድረግ በእጄ ካልሆነ፣ ያንን ኔትወርክ አልፈልገውም።

በራሱ ጊዜ ሌላ መስኮት የሚከፍትና ድምፅ እያሰማ የሚጀምር ማስታወቂያ የሚያመጣ ኔትወርክ ደግሞ ጉዳቱ በአንባቢው ላይ ብቻ አያበቃም። የጉግል ክሮም ማሰሻ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ፣ ከ2019 አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በመላው ዓለም፣ እንዲህ ያሉትን ማስታወቂያዎች ደጋግመው በሚያወጡ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያን በሙሉ ያግዳል። የእኛ አንባቢ በአብዛኛው የዳታ ጥቅል ገዝቶ በስልክ የሚያነብ መሆኑም አይረሳ፤ ከባድ ቪዲዮ በጫንንበት መጠን ከኪሱ እያወጣን ነው።

ስለ ክፍያው ስናነሣ፣ ኔትወርኮች በማስተዋወቂያቸው ላይ የሚያሳዩት አኃዝ ለጎንደር አንባቢ የሚሠራ አይደለም። አንዱ ጽሑፍ ዋሽንግተን ሲነበብና ማራኪ ሰፈር ሲነበብ የሚያስገኘው ዋጋ እጅግ የተራራቀ ነው፤ በጨረታው የሚወዳደረው አስተዋዋቂ በየአገሩ ይለያያልና። እኔ ራሴ ይህን የተረዳሁት በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ነው። የጎብኚዎቼ ቁጥር ክፉኛ ሲያሽቆለቁል ገቢዬ በዚያው መጠን አልወረደም፤ ገቢውን ይሸከም የነበረው በውጭ የሚኖረው ወገናችን ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ ኔትወርክ ከመምረጣቸው በፊት አንባቢዎቻቸው ከየት እንደሚገቡ የጎብኚ መቁጠሪያቸውን ቢያዩ ይሻላል። ቋንቋም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ ኔትወርክ የሚቀበላቸውን ቋንቋዎች ዝርዝር ያወጣል፤ አማርኛ በዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳያረጋግጡ በእንግሊዝኛ አመልክቶ በአማርኛ መጻፍ አካውንትን ለመዘጋት ማጋለጥ ነው። ከፍተኛ ክፍያ አላቸው የሚባሉት አንዳንዶቹ ደግሞ ለጀማሪ በራቸው ዝግ ነው፤ ሚዲያቫይን የተባለው ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለዓመታት በወር 50,000 ጉብኝት ይጠይቅ ነበር።

በከተማችን ወጣቶች ዘንድ አሁንም ሲነገር የምሰማው «ሰው ጠቅ ባደረገ ቁጥር ይከፈላል» የሚለው አባባል ብዙ ጉዳት አድርሷል። አድሴንስ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ለድረ ገጽ ባለቤቶች በዋናነት የሚከፍለው ማስታወቂያው በመታየቱ ነው፤ አስተዋዋቂው ማስታወቂያውን የሚገዛበት አገናኝ ድርጅት ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ከቀረው ላይም 80 በመቶው ለባለ ድረ ገጹ እንዲደርስ ተደርጓል። ይህን ያላወቀ ልጅ ግን ለወዳጅ ለዘመዱ በቴሌግራም «እባካችሁ ገብታችሁ ማስታወቂያዬን ንኩልኝ» ብሎ ይለምናል። ዘመድም ለመርዳት ብሎ አንድ መቶ ጊዜ ይነካለታል። ኔትወርኩ ይህን ሐሰተኛ ጠቅታ ብሎ ይመዘግበዋል፤ አካውንቱ ይዘጋል፤ የተጠራቀመውም ለአስተዋዋቂው ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ አካውንታቸው የተዘጋባቸው ሦስት ልጆች እያዘኑ ሱቄ መጥተው ነበር፤ አንዳቸውም ያጠፉትን ነገር አላወቁም። በእኛ ባህል መተጋገዝ መልካም ነገር ስለ ሆነ፣ እዚህ ላይ ጎጂ መሆኑን አስቀድሞ ሊነግራቸው የሚገባ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ገንዘቡ በምን መንገድ እንደሚደርሰንም ከማመልከታችን በፊት መታየት አለበት። በፔይፓል (በኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያና መቀበያ አገልግሎት) ብቻ የሚከፍል ኔትወርክ ለእኛ አይሆንም፤ ፔይፓል በአገራችን ገንዘብ መቀበያ ሆኖ አያገለግልምና። በክሪፕቶ (በኢንተርኔት በሚዘዋወር ዲጂታል ገንዘብ) የሚከፍሉትንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2022 ከሰጠው ማስጠንቀቂያ አንጻር አልመክርም። በባንክ የሚከፍሉት ይሻላሉ፤ ነገር ግን በኔትወርኩ አካውንት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ስም ከባንክ ደብተሩ ጋር በእያንዳንዷ ፊደል መግጠም አለበት። «ፀጋዬ» የሚለውን ስም ሦስት ሰው በሦስት መንገድ ሲጽፈው ለምናይ ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አድሴንስ ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻን ለማረጋገጥ የምስጢር ቁጥር በፖስታ ይልካል፤ ቁጥሩ በ4 ወር ውስጥ በአካውንቱ ላይ ካልገባ ማስታወቂያው ይቆማል። ክፍያው የሚላከው ደግሞ ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው። እኔ የቤቴን አድራሻ ጽፌ ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል። በመጨረሻ ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት ሣጥን ተከራይቼ ሣጥኑን በአድራሻነት ስጽፍ ደረሰኝ። ከገቢው ላይ ግብር እንዳለ ደግሞ አልሸሽግም፤ ከሚመለከተው ቢሮ ጠይቆ ማስመዝገብ ከኋላ ጣጣ ያድናል።

አሁን በድረ ገጼ ላይ የቀረው አንድ ኔትወርክ ብቻ ነው፤ እርሱንም በአንድ ገጽ ከሁለት ማስታወቂያ በላይ እንዳያወጣ አድርጌዋለሁ። የገቢዬ ትልቁ ክፍል ግን ከኔትወርክ አይመጣም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ለጥምቀት እንግዳ የሚጠብቁ ሁለት ፔንሲዮኖችና አንድ የጥበብ ልብስ ሸማኔ በወር በተወሰነ የብር ዋጋ ቦታ ይይዛሉ። ሄጄ ቤቱን አያለሁ፤ ልብሱን እዳስሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማስታወቂያቸውን የማወጣው። ጎብኚው በሺዎች ብቻ የሚቆጠር ወጣት በኔትወርክ በዓመት የማያገኘውን በሰፈሩ ካሉ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ወር ሊያገኝ እንደሚችል በድፍረት እናገራለሁ፤ የሚያሳዝነው፣ ወደ ሱቄ ከሚመጡት መካከል ይህን የሞከረ አንድም ልጅ አለማግኘቴ ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። የጋዜጣዎ የማስታወቂያ ክፍል አንድን ማስታወቂያ «ይህን አናወጣም» ብሎ የሚመልሰው በምን መመዘኛ እንደ ሆነ ለአንባቢ ቢገልጹልን፣ እኛ ትንንሽ የድረ ገጽ ባለቤቶች በኔትወርኮቹ መቆጣጠሪያ ላይ የትኛውን ዘርፍ መዝጋት እንዳለብን ከእርሱ እንማራለን። በጋዜጣው ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ከጠፋም፣ መመዘኛውን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ቢልኩልኝ፣ በሱቄ አባዝቼ ለሚመጡት ልጆች ሁሉ በነጻ አድላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከጎንደር ፒያሳ