ለአገልግሉም ቦታ ይታሰብለት፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በመልካ ቁንጡሬ፣ በአዳዲ ማርያምና በጢያ የሚደረገውን የአንድ ቀን ጉብኝት ይመለከታል

ቅዳሜ ማለዳ በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ የሚወጣ የሽርሽር ሚኒባስ ምን እንደሚይዝ ይታወቃል፦ አሥር አሥራ ሁለት ጓደኛሞች፣ አንድ ሁለት አገልግል፣ የታሸገ ውሃ፣ ብዙ ጊዜም ረከቦትና ከሰል። የቅርስ ቦታ ማሳሰቢያ ሲጻፍ ካሜራውና ትኬቱ ይታሰባሉ፤ አገልግሉ ይረሳል። እኛ የምንጽፍላችሁ ስለ አገልግሉ ነው።

ከጢያ እንጀምር። እዚያ ያሉት ሐውልቶች 36 ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ሲሆኑ ቦታው እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቁፋሮ ሲደረግ ከሥራቸው የተገኘው እግራቸውን አጥፈው የተቀበሩ ሰዎች አጽም ነው። ስለዚህ ጢያ መካነ መቃብር ነው። በገዛ ሰፈሩ መቃብር ላይ ሐውልት ተደግፎ እንጀራ የሚቆርስ ሰው የለም። ጢያ የደረሰ ጎብኚ ግን የሚያየው የለመለመ ሜዳ ነው፤ የሚነግረው ካላገኘ ጋቢውን አንጥፎ አገልግሉን ይፈታል። ክፋት የለበትም፤ ርቦታል።

ጉዳቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወጥ የነካ እጅ ድንጋዩን ሲደገፍ ቅባቱ ይሰርጋል፤ አቧራ እየያዘም ይጠቁራል። በጥርና በየካቲት ሣሩ ደርቆ ስለሚሰነብት ከቡና ምድጃ የወደቀ ፍም በነፋስ ሜዳውን ሊያያይዘው ይችላል፤ ድንጋይ ደግሞ በአንድ ወገን ብቻ ሲግል ላዩ እየተላጠ ይረግፋል፤ ከተላጠው ጋር የተቀረጸው ጎራዴም ክብም ይሄዳል። የተጣለ አጥንት ውሻ ይጠራል፣ ማታ ጅብ ይጠራል፤ ሁለቱም አፈር ይጭራሉ። የጥንት ሰዎች ቅሪት በሚቆፈርበት በመልካ ቁንጡሬ ነገሩ ያስቃልም፦ ተመራማሪ አጥንት ፍለጋ አፈር በሚያበጥርበት አገር ሽርሽረኛ የዶሮ አጥንት ይዘራበታል።

«ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይህን አይፈታውም። ምግቡን ትተህ ና የተባለ አይመጣም፤ የመጣም ደብቆ ይገባል። የምንለምነው ከአጥሩ ውጭ፣ ነፋሱ ወደ ሐውልቶቹ በማይነፍስበት ወገን፣ ለሁለት ሚኒባስ ሰው የሚበቃ የሣር ክዳን ጥላ ነው። ከሥሩ መደብ ይኑረው። የእጅ መታጠቢያው ከበሩ በፊት ይሁን፤ በልቶ የሚገባ ሰው ታጥቦ እንዲገባ። የቆሻሻ በርሜሉ ክዳን ያስፈልገዋል፣ አለዚያ የውሻ ገበታ ነው የሚሆነው። ለቡና በድንጋይ የተከበበ አንድ ምድጃ፣ አጠገቡም አመድ መድፊያ ጉድጓድ። ጥላውን የሚጠብቁና ቡናውን የሚያፈሉ የአካባቢው ወጣቶች ቢሆኑ ቤቱ የራሱን ወጪ የሚችል ይመስለናል።

ስለ ስንቁም መረጃ የምትበትኑ ከሆነ እነዚህ ይግቡበት። ለአሥር ሰው ሃያ አምስት እንጀራ ይበቃል። ትኩሱን በፌስታል የጠቀለለ ምሳ ሰዓት ላይ የተጣበቀ ሊጥ ነው የሚያገኘው፤ በሰፌድ ላይ በርዶ ነው አገልግል የሚገባው። ቀጭን ወጥ ወደ አዳዲ በሚገነጠለው ኮረኮንች ላይ ይደፋል፤ የቋንጣ ፍርፍር፣ ደረቅ ጥብስ፣ ለጾመኛ ወፈር ያለ ሽሮ ይሻላል። ውሃ ለሰው ሁለት ሊትር። ክትፎ ከአዲስ አበባ ተጭኖ አይሄድም፤ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ በሞቀ መኪና ውስጥ አራት ሰዓት ከቆየ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ አያድነውም። ክትፎ ያማረው ቡታጅራ ድረስ ይውረድ፤ ከቆጮና ከአይብ ጋር እዚያው ይብላ፤ ኮሶ የሚፈራ በደንብ አብስሉልኝ ይበል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰዓት ነው፤ ቀኑን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። አዳዲ ማርያም ከአለት የተፈለፈለች፣ ዛሬም የሚቀደስባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ቅዳሴ ላይ የደረሰ ጎብኚ ውጭ ይቆማል። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ጠዋት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም የሥራ ቀናት ከቀትር ተነሥቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይዘልቃል። ስለዚህ የጉዞው ቅደም ተከተል እንደ ቀኑ ይገለበጣል። ቅዳሜና እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ጢያ፣ ምሳ፣ ሲመለሱ አዳዲና መልካ ቁንጡሬ። የጾም ቀን ግን አዳዲ በጠዋት፣ ከዚያ መልካ ቁንጡሬ፣ ጢያ ወደ ማታ። ይህን ያላወቀ ሾፌር ዓርብ ቀትር ላይ ሰው ጭኖ አዳዲ ይደርስና ሦስት ሰዓት ያስጠብቃል። በወር በወር 21 ቀን የማርያም ስለሆነ ለጸሎት እንጂ ለጉብኝት ባይሄዱ ይመረጣል።

ጢያን በቀትር አለማየት ሌላም ምክንያት አለው። ጎራዴዎቹ፣ ክቦቹና የእንሰት ቅጠል የሚመስሉት ምልክቶች ጥልቀት የላቸውም፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይጠፋሉ። ያን ጊዜ ነው ጎብኚው ውሃ የሚያፈስባቸው፣ ጠመኔ የሚያሰምርባቸው፣ በጥፍሩ የሚከተላቸው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ በጎን ስለሚመታ ቅርጹ በራሱ ይወጣል። በቀትር ግድ ከሆነ ሁለት ሰው ጋቢ ዘርግቶ ድንጋዩን ያጥላ፣ ሦስተኛው የስልኩን መብራት ከጎን፣ ከድንጋዩ ገጽ ጋር አስተካክሎ ያብራ። ጎራዴው ከነእጀታው ብቅ ይላል፤ ድንጋዩንም የነካው የለም። ለአስጎብኚዎች በምትሰጡት ሥልጠና ይህ ግማሽ ሰዓት አይወስድም። በዚያው፣ የጎራዴው ቁጥር የተገደለ ጠላት ቁጥር ነው የሚለው አባባል ግምት መሆኑ ይነገራቸው። ሐውልቶቹን አንዳንዱ ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ቢላቸውም መቃብሮቹ ከእሱ ዘመን በመቶዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ይቀድማሉ።

መልካ ቁንጡሬና በአቅራቢያው ያለው ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከ700,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ የረገጡበት አሻራ የተገኘው እዚያ ነው። ለሽርሽረኛ ግን ትልቁ ፈተና የጥንት ሰዎች መሣሪያ ይሠሩበት የነበረው፣ መሬት ላይ የሚያብለጨልጨው ጥቁር ድንጋይ፣ ባልጩት ነው፤ «አንዲት ብቻ» እያለ ኪሱ ይከታል። ከቦታዋ የተነሣች ስባሪ ከየትኛው አፈር፣ ከምን አጠገብ እንደተገኘች የሚናገር ስለሌለ ለተመራማሪ ተራ ጠጠር ናት። ስለ ቅርስ አጠባበቅ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 209/1992 መጥቀስ ብቻውን አይበቃም፤ በሩ ላይ ጎብኚው በእጁ የሚዳስሰው አንድ ሳጥን ባልጩት ቢቀመጥ የብዙውን ሰው አምሮት ያወጣል።

መልካ ቁንጡሬ በኦሮሚያ፣ ጢያ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው፤ አዳዲ የቤተ ክርስቲያን ናት። ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ የሚችለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ስለሆነ ወደ እናንተ መጣን። አንድ የቀን ትኬት ቢታተም፣ ጀርባው ላይም የመክፈቻና የመዝጊያ ሰዓት፣ የቅዳሴ ሰዓትና የምግብ ቦታው ቢጻፍ ይበቃል። ለመስቀል ጉራጌ ሁሉ አገሩ ስለሚገባ መንገዱ ከመስከረም አሥር ጀምሮ ይጨናነቃል፤ ጥላውና ትኬቱ ከዚያ በፊት ቢደርሱ።

ከሰላምታ ጋር
በቡታጅራ መስመር የምንሠራ አስጎብኚዎች

ግልባጭ፦
ለሁለቱ ክልሎች ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች
ለአዳዲ ማርያም ሰበካ ጉባኤ