ለቦዬ ረግረግ ማን ይቁምለት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ኬንያ ውስጥ ጋዚ የሚባል የባሕር ዳርቻ መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለውን የማንግሮቭ ደን፣ ሥሩ ማዕበል የሚሰብረውን፣ ጭቃው ካርቦን ቀብሮ የሚይዘውን፣ 117 ሄክታሩን ራሳቸው ይጠብቃሉ። ከካርቦን ሽያጭ፣ ማለትም ደኑ አየር የሚበክለውን ካርቦን ስለያዘ ሌሎች ከሚከፍሏቸው፣ የሚያገኙትን ገንዘብ ለውኃና ለትምህርት ቤት አውለውታል።

እኛ ጅማ ባሕር የለንም፣ እሺ። ቦዬ ረግረግ ግን አለን። ቅዳሜ ለቡና የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ፍለጋ ወርጄ ያገኘሁት ለጡብ የተቆፈረ ጉድጓድ ነው፤ ጠርዙ ላይ አንዲት እግረ ረጅም ወፍ ፌስታል ትጎትታለች (ጉድ እኮ ነው!)። ጡብ ሠሪዎቹ ልጆች እንጀራቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ግን እዚሁ ጅማ ዞን፣ በለጠ ጌራ በሚባለው ደን፣ ገበሬው ተደራጅቶ ደኑን እየጠበቀ ቡናውን ይለቅም የለ? ለረግረጉስ ምን ከለከለን? ቀበሌው ስብሰባ ይጥራ፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ