ስለ ቆሬም ጻፉልን እንጂ

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ አስራትና መባ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን ጸሐፊው ከ2ኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 31 የጠቀሰው እስከ ቁጥር 10 ብቻ ነው። ሕዝቡ ሰጠ፣ ክምሩ በዛ፣ ካህናቱ በልተው ጠገቡ፣ ተረፈ፣ በቃ። ሰባኪዎችም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው የሚያቆሙት። እኔ ደግሞ ዋናው ነገር የሚጀምረው ከቁጥር 11 ነው ባይ ነኝ፤ የተሰጠው እንዴት እንደተጠበቀና ቆሬ የሚባል በር ጠባቂ እንዴት እንዳከፋፈለው ያለው እዚያ ነው።

የይሁዳ ንጉሥ አካዝ የቤተ መቅደሱን ደጆች ዘግቷቸው ነበር። ልጁ ሕዝቅያስ በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት ከፈታቸው። ከዚያ ሕዝቡ እህሉን፣ ወይኑን፣ ዘይቱን፣ ማሩን፣ በሬና በጉን እያመጣ ከሦስተኛው ወር እስከ ሰባተኛው ወር ከመረ። ንጉሡ ክምሩን ሲያይ እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ አመስግኖ ግን ዝም አላለም፣ ስለ ክምሩ ካህናቱንና ሌዋውያኑን ጠየቃቸው። ሊቀ ካህኑ ዓዛርያስም ምን በወጣኝ ልጠየቅ ብሎ አልተቆጣም። በልተን ጠግበን የተረፈው ነው ብሎ መለሰ።

ቀጥሎ ዕቃ ቤት ተዘጋጀ። ሌዋዊው ኮናንያ የበላይ ሆነ፣ ወንድሙ ሰሜኢ ምክትል፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ አሥር ተቆጣጣሪዎች። (ወንድምን ምክትል ማድረግ ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል፣ ግን ያው ሌዋውያን ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው።)

የበጎ ፈቃዱን መባ የማከፋፈል ሥራ ግን ለእነሱ አልተሰጠም። የተሰጠው ለይምና ልጅ ለቆሬ ነው። ቆሬ የምሥራቁ በር ጠባቂ ነበር። አስራት ልኩ የታወቀ ነው፣ ከአሥር አንድ። ሰው በፈቃዱ የሚሰጠው ግን ልክ የለውም፣ ስለዚህ ከላዩ ቆንጥሮ ለማስቀረት እንደ እሱ የሚመች የለም። እሱን ነው እንግዲህ ለአንድ በረኛ ያስረከቡት! በሥሩ ስድስት ሰዎች በካህናቱ ከተሞች ተመድበው ለታላቁም ለታናሹም ሳያዳሉ ያካፍሉ ነበር፤ መዝገብ ነበራቸው፣ ሕፃናቱም ሚስቶቹም ሴቶች ልጆቹም ሳይቀሩ የተጻፉበት፣ ስለዚህ ድርሻው ኢየሩሳሌም ቆሞ ላገለገለው ብቻ ሳይሆን ራቅ ብሎ ለሚኖረውም ይደርስ ነበር።

መቼም አንድ ሰው ተነስቶ «በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን እኮ ቤተ መቅደሱን የሚያድሱትን ሠራተኞች ሒሳብ አልጠየቋቸውም፣ ታማኞች ነበሩ» ይለኛል። እውነት ነው፣ 2ኛ ነገሥት 12 ላይ አለ። ግን እዚያው ምዕራፍ ላይ ገንዘቡ የሚገባው ክዳኑ በተበሳ ሣጥን ነበር፣ ሲሞላም የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህኑ አብረው ይቆጥሩት ነበር። ሠራተኞቹ እጅ የሚደርሰው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ጥቅሱን ለብቻው ቆርጦ መጥቀስ ደስ አይልም።

ጸሐፊያችሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስለ መስጠት ሲጽፍ ስለ ተቀባዩም ይጻፍ። ቀጣይ ጽሑፍ ካለው ነህምያ 13ን ይውሰድልን፤ ካህኑ ኤልያሴብ የመባውን ዕቃ ቤት ለዘመዱ ለጦብያ ሰጥቶት፣ ሌዋውያኑም ድርሻቸው ቀርቶባቸው ወደየእርሻቸው የሄዱበትን። የይሁዳ ገዢ የነበረው ነህምያ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ወረወረና አንድ ካህን፣ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ሌዋዊና አንድ ረዳት ሾመ። አራቱም ለምን ከተለያየ የሥራ ድርሻ እንደተመረጡ ጸሐፊው ቢተነትንልን ደስ ይለኛል።

አንባቢያችሁ