ለሱዳን የተገባው ቃል በጣም ዘግይቶ ነው የደረሰው

ሰላም የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የሱዳን የዲሞክራሲ ሽግግር ለምን እንደከሸፈ ያወጣችሁትን አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ፣ ምክንያቱም እኔ ያኔ ካርቱም ዴም ሰፈር ቡና እያፈላሁ ነበር የምኖረው። ጥፋቱን በሙሉ ጄኔራሎቹ ላይ ጣላችሁት፣ እውነት ነው መፈንቅለ መንግስት ያደረጉት እነሱ ናቸው፣ ግን ዲሞክራሲን እንደግፋለን ሲል የነበረውስ አለም? የረጅም ጊዜ መሪው አልበሽር የወረደው ኤፕሪል 2019፣ አሜሪካ ሱዳንን ከሽብር ደጋፊዎች ሊስት ያወጣቻት ዲሴምበር 2020፣ ያውም 335 ሚሊዮን ዶላር ካሳ አስከፍላ። እስከዛ ሊስቱ ላይ ስለነበረች ከአይኤምኤፍም (ከአለም የገንዘብ ድርጅት) ከወርልድ ባንክም አዲስ ብድር አልነበረም።

በርሊን ላይ በ2020 በለጋሾች ጉባኤ ለሱዳን 1.8 ቢሊዮን ዶላር ቃል ሲገባ እኔ ጋ ቡና የሚጠጡት ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር፣ ለህዝቡ የተባለው ድጎማ ግን በነፍስ ወከፍ በወር 5 ዶላር፣ እሱም በደንብ የተጀመረው በ2021 ነው። የሽግግሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሀምዶክ እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ኢሲኤ (የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) የሰራ ሰው ነው፣ ኢኮኖሚ ያውቃል፣ አበዳሪዎቹ ያዘዙትን ሁሉ አደረገ፣ የሱዳንን ፓውንድ ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው፣ የነዳጅ ድጎማ አነሳ። ጎረቤቴ ሀጃ ግን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ፌስታሏን ይዛ ዳቦ ቤት በር ላይ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴ ባዶውን አጣጥፋ ትመለሳለች፣ ለሷ ሪፎርም ማለት ያ ፌስታል ነበር።

ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ወታደሩ ስልጣን ሲይዝ እርዳታው ወዲያው ታገደ፣ ለማገድ አንድ ሳምንት አልፈጀም። እባካችሁ ይሄንንም ጻፉት።