በዋናው ፋብሪካችሁ ስለተሠራው ኤሌክትሪክ ጊታር የቀረበ የቅሬታ ደብዳቤ

ለጊታር አምራች ድርጅቱ የጥራት ቁጥጥርና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የአሠራር ጉድለት ያለበት ጊታር እንዲታረምልኝ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

የድርጅታችሁን ስም የያዙ ሁለት ኤሌክትሪክ ጊታሮች አሉኝ። አንደኛው በውጭ አገር ፋብሪካ አሠርታችሁ የምታስመጡት ሲሆን ከገዛሁት አምስት ዓመት አልፎታል። ሁለተኛው በአገር ውስጥ በራሳችሁ ፋብሪካ የተሠራና ከተረከብኩት አራት ወር የሆነው ነው፤ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው። ሁለቱም በቅርጽ አንድ ናቸው፤ የክራቸው ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔት ያለበት ክፍል) አላቸው። የአገር ውስጡ ግን በዋጋ የሌላውን ሦስት እጥፍ ነው። ይህን ልዩነት ሳላመነታ የከፈልኩት፣ የምርት መግለጫችሁ በዋናው ፋብሪካ የሚወጣ እያንዳንዱ ጊታር በልምድ ባለሙያ እጅ ተስተካክሎና ተፈትሾ እንደሚሸጥ ስለሚናገር ነበር።

ጊታሩን ከመያዣው ባወጣሁበት ምሽት፣ ገና ከማጉያው ጋር ሳላገናኘው፣ ግራ እጄን ከአንገቱ ራስ ወደ አካሉ ሳንሸራትት የፍሬቶቹ፣ ማለትም በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ጫፎች ጣቴን ቧጨሩት። ቀጥዬ በ14ኛው ፍሬት ላይ የመጀመሪያውን ክር ይዤ ወደ ላይ ስገፋው ድምፁ ገና ሳይደርስበት ታፍኖ ጠፋ። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ሁልጊዜም እዚያው ቦታ ላይ ይሞታል። ምክንያቱን ለማወቅ ቀጥ ያለ አጭር የብረት ማስመሪያ በ15ኛው፣ በ16ኛውና በ17ኛው ፍሬት ላይ ባጋድም ማስመሪያው እንደ ሚዛን እየተወዛወዘ ጠቅ ጠቅ ይላል። 16ኛው ፍሬት ከጎረቤቶቹ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ማስመሪያውን ወደ አንዱ ወገን ተጭኜ ይዤ በሌላው ወገን በሚቀረው ክፍተት 0.10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስስ መለኪያ ሳይነካካ ይገባል። ይህ ልክ ለእንጨት ሥራ ኢምንት ሊመስል ይችላል። ክር ከፍሬት በላይ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ እንዲያልፍ በሚፈለግበት መሣሪያ ላይ ግን፣ አንድ ኖታ እንዲጮህ ወይም እንዲሞት የሚያደርገው ይህን የመሰለ ኢምንት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ክሮቹ በአንገቱ ራስ በኩል በሚያርፉበት ባለ ቦይ ድጋፍ፣ በነቱ ላይ ነው። ቦዮቹ በሚገባ ስላልጠለቁ ክሮቹ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ከሚገባው በላይ ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ስለዚህ በዚያ ቦታ ክሩን ለመያዝ በኃይል መጫን ያስፈልጋል፤ ሲጫኑት ክሩ ይወጠርና ድምፁ ይቀጥናል። በመቃኛ መሣሪያ ስለካው ሦስተኛው ክር በባዶው በትክክል ተቃኝቶ ሳለ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ሲያዝ 14 ሴንት ይወጣል። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ 14 ሴንት ሁለት ክር አብሮ ሲመታ ማንም ጆሮ ያለው ሰው የሚሰማው መዛነፍ ነው። ከዚህም በላይ ያው ሦስተኛ ክር በቦዩ ውስጥ ስለሚጣበቅ፣ መቃኛውን ሳዞር ለጊዜው ምንም ሳይለወጥ ይቆይና በድንገት ዘሎ ያልፋል። አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታም በአንዱ ጎን የፕላስቲክ ካርድ የሚያስገባ ክፍተት አለ። ብሎኖቹ አጥብቀው እስከያዙ ድረስ ክፍተቱ ብቻውን ድምፁን ያበላሻል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን አንገቱ ወደ አንድ ወገን በመጠኑ ስላዘነበለ የመጀመሪያው ክር ወደ ጠርዙ ተጠግቶ፣ በፍጥነት ስጫወት ከፍሬቱ ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል።

ከጊታሩ ጋር አብሮ የመጣው የፍተሻ ካርድ ግን በሁሉም ሳጥኖች ላይ ምልክት ተደርጎበታል። የፍሬቶች እኩልነት፣ የነት ቁመት፣ የአንገት አቀማመጥ፣ አንድም የቀረ የለም፤ ከታችም ፊርማ አለው። ከጉድለቶቹ ሁሉ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ካርድ ነው። ሥራ ሊሳሳት ይችላል፤ ያልተለካን ነገር ተለክቷል ብሎ መፈረም ግን ስህተት ከሚባለው ያልፋል።

አሁን ከውጭ ወዳስመጣችሁት ጊታር ልመለስና ሚዛኔን በግልጽ ላስቀምጥ። የዚያኛው ፍሬቶች ጫፋቸው ተሞርዶ፣ ለዝቦና ተወልውሎ የመጣ ነው፤ ያው ማስመሪያ ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው ሲዘዋወር በአንድም ቦታ አልተወዛወዘም። ነቱ ተራ ፕላስቲክ ቢሆንም ቦዮቹ በልካቸው ተቆርጠዋል። በአምስት ዓመት ውስጥ አንገቱን ያስተካከልኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ርካሽነቱ የት እንደተደበቀ ክፍቱን ሳየው ግልጽ ነው፦ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሽቦው ስስ ነው፣ ፒክአፖቹ በሴራሚክ ማግኔት የተሠሩ ናቸው፣ በብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ በኩል በሚያርፉበት ክፍል) ሥር ያለው ብረትም ቀጭንና ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው። የፒክአፕ መምረጫው በሦስተኛው ዓመት መንኮሻኮሽ ጀመረ፤ የገመዱ መሰኪያም ላልቷል። አካሉ ከብዙ ቁርጥራጭ ተጣብቆ በወፍራም ፖሊስተር ቀለም ተሸፍኗል። የአገር ውስጡ በእነዚህ ሁሉ ይበልጠዋል። አካሉ ሁለት ቁራጭ ብቻ ነው፣ ማግኔቶቹ አልኒኮ (የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ) ናቸው፣ መቆጣጠሪያዎቹ ሙሉ መጠን ያላቸው፣ ብየዳው ንጹሕና የሚያብረቀርቅ፣ የብሪጁ ብረትም ወፍራም ነው። ንጹሑን ድምፅ ጎን ለጎን ሳሰማው ልዩነቱ የማይካድ ነው፤ ይህን ባልመሰክር ለእውነት አልታመንኩም።

ይሁን እንጂ የተሻሉት ነገሮች ሁሉ ከመደርደሪያ ተገዝተው የሚገጠሙ ዕቃዎች መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ፒክአፕ፣ መቆጣጠሪያ፣ መምረጫና ብሪጅ፣ ካቻቢቴና የብየዳ ብረት ያለው ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ከውጭ በመጣው ጊታር ላይ ሊቀይራቸው ይችላል። የጎደለብኝ ግን ዕቃ አይደለም። ፍሬቶችን በረጅም ቀጥ ያለ ሞረድ እኩል ማድረግ፣ የተደፈጠጠውን አናታቸውን መልሶ ማክበብ፣ ጫፎቻቸውን አንድ በአንድ ማለዘብ፣ የነቱን ቦይ ክር በክር እየለኩ ማጥለቅ የሰው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ሦስት እጥፍ የከፈልኩትም ለዚሁ ጊዜና ትዕግሥት ነበር።

የአገልግሎት ክፍላችሁ ለመጀመሪያው ጥያቄዬ የሰጠኝ መልስ ሦስት ነጥብ ነበረው፤ ጊታሩ ድርጅቱ ከሚፈቅደው ልክ አልወጣም፣ የፍሬቶቹ ጫፍ የሾለው በክፍሌ አየር ድርቀት ሊሆን ይችላል፣ ክሮቹን ከፍ ባደርጋቸው ደግሞ የታፈነው ድምፅ ይከፈታል የሚል። የአየር ድርቀቱን በተመለከተ፣ የጣት ሰሌዳው እንጨት ሲደርቅ በወርዱ እንደሚኮማተርና ብረቱ ስለማይኮማተር የፍሬቱ ጫፍ ወጣ እንደሚል አውቃለሁ። ነገር ግን ሁለቱ ጊታሮች የሚሰቀሉት በአንድ ግድግዳ ላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 50 በመቶ በሆነበት ክፍል ነው። ባሕር ተሻግሮ በኮንቴይነር የመጣው ደህና ሆኖ ሳለ የቅርቡ ከሾለ፣ እንጨቱ ፍሬት ከመገጠሙ በፊት እስከ 6 ወይም 8 በመቶ እርጥበት በሚገባ መድረቁ ሊጠየቅ ይገባል። ጫፉ የሾለው በተረከብኩበት ምሽት መሆኑም መዘንጋት የለበትም። የነት ቦይ ደግሞ በአየር ጠባይ አይሞላም። ክሮቹን ከፍ አድርጉ የተባልኩትን ታዝዤ ሞክሬዋለሁ፤ በ14ኛው ፍሬት ላይ ድምፁ የተከፈተው በ12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ቁመት 2.4 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነው። በዚያ ቁመት የሚያዘው ጊታር እጅ ያደክማል፣ የላይኞቹ ፍሬቶች ቅኝትም ይዛነፋል። ይህ ጉድለቱን ማረም ሳይሆን ሸክሙን ወደ ተጫዋቹ ጣት ማዛወር ነው።

የፋብሪካ አድራሻ ብቻውን ለጥራት ዋስትና እንዳልሆነ የዚህ ሙያ ታሪክ ራሱ ይናገራል። የአሜሪካው ጊታር አምራች ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1982 በጃፓን የሽርክና ድርጅት አቋቁሞ በዚያው አገር በፉጂጄን ፋብሪካ ማሠራት ሲጀምር፣ ከዚያ የወጡትና መለያ ቁጥራቸው በጄቪ (JV) ፊደላት የሚጀምረው፣ ስኩዌር በተባለው የፌንደር ርካሽ የንግድ ምልክት የተሸጡት ጊታሮች ርካሽ እንዲሆኑ የታሰቡ ነበሩ፤ ዛሬ ተጫዋቾች ፈልገው የሚገዟቸው በአሠራራቸው ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 ፌንደር ተሽጦ ከባለቤቱ ከአሜሪካው የብሮድካስት ኩባንያ ከሲቢኤስ እጅ ሲወጣ በካሊፎርኒያ የነበረው የፉለርተን ከተማ ፋብሪካ በሽያጩ ስላልተካተተ፣ በዚያው ግዛት በኮሮና ከተማ አዲሱ ፋብሪካ እስኪደራጅ ድረስ አብዛኛው ምርት የተሸፈነው ከጃፓን ነበር። ዛሬ ደግሞ አንገትን የሚቀርጸውና የፍሬት ቦዮችን የሚቆርጠው በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ በ36.4 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ እንዲያርፍ በየትኛውም አገር እኩል ይታዘዛል። ከማሽኑ በኋላ የሚቀረው የመጨረሻው ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ የተቀመጠው ባለሙያ ለአንድ ጊታር ስንት ደቂቃ ይሰጠዋል የሚለው ነው ሁለቱን ጊታሮቼን የለያቸው። በውጭ አገሩ ፋብሪካ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሰው ጊዜ ወስዷል። የእናንተው ጠረጴዛ ላይ ግን፣ በዚህ ጊታር ረገድ፣ አልተወሰደም።

ስለዚህ ጊታሩ በዋስትናው መሠረት ወደ ፋብሪካችሁ ተመልሶ ፍሬቶቹ በሙሉ እኩል ተደርገው ጫፋቸው እንዲለዝብ፣ ነቱ በአዲስ እንዲተካ፣ አንገቱም ወደ መሃል መስመሩ እንዲመለስ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ክሮቹ በ12ኛው ፍሬት ላይ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ የአንገቱ ጉብጠትም 0.25 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ኖታ ሳይታፈን ሊጮህ ይገባል፤ ስቀበለው የምፈትሸው በዚህ ልክ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ጊታሩ በሌላ እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በተጨማሪም ድርጅቱ የሚፈቅደው ልክ የተባለው በቁጥር ስንት እንደሆነ፣ የፍሬት ከፍታ ልዩነትንና የነት ቁመትን ጨምሮ፣ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እፈልጋለሁ። ልኩ ለሁለቱም ፋብሪካዎቻችሁ አንድ ከሆነ የአገር ውስጡ አልፎታል፤ የተለያየ ከሆነ ደግሞ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ማወቅ ይገባዋል።

የማስመሪያው ሙከራ የሚታይበት ቪዲዮ፣ የቅኝት ልኬቱ፣ የፍተሻ ካርዱ ቅጂና የግዢ ደረሰኙ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል። ጊታሩ ክሩ ላልቶ በመያዣው ውስጥ ተዘጋጅቷል፤ በማን በኩል እንደምልከው በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የድርጅቱ ደንበኛ