በቴአትር ክፍል ስለ ስልክ አጠቃቀም ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.

ለ7ኛ እና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ወላጆች፣

የአንደኛው መንፈቀ ዓመት የውጤት ካርድ ተሰጥቷል፤ ያልወሰዳችሁ ከመዝገብ ቤት ውሰዱ። የጠዋቱ ብርድ ገና ስላልለቀቀን ልጆች ከዩኒፎርሙ ሹራብ ሥር ሙቅ ልብስ ቢደርቡ አንከለክልም። ሌላው ወሬ ይህን ያህል ነው። አሁን ወደ ስልኩ።

ሰሞኑን ወደ ቢሮ የሚመጣው አቤቱታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ስልክ ወደ ግቢ አይገባም ያላችሁት እናንተው፣ ለቴአትር አምጡ የምትሉትም እናንተው» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ልጄን ቀርጻችኋት፣ ቪዲዮውን ለምን አትልኩልኝም?» ይላል። ለሁለቱም በአንድ ወረቀት መልስ መስጠት አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዴ ሁለቱም ከአንድ ቤት ስለሚመጡ ግን እንሞክራለን።

ደንቡ አልተለወጠም። ስልክ ወደ ግቢ አይገባም። የተፈቀደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በክወናና እይታ ጥበባት ትምህርት የቴአትር ልምምድ ባለበት ቀን፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ለስድስት ተማሪ አንድ ስልክ። 42 ተማሪ ባለበት ክፍል 7 ቡድን ይኖራል፤ ስለዚህ የሚገባው 7 ስልክ እንጂ 42 አይደለም። ከቡድኑ አባላት አንዱም ስልክ ከሌለው የትምህርት ቤቱን ይጠቀማሉ። ስልክ ግዙ ብለን የላክነው መልእክት የለም፤ ልጁ «ካልገዛችሁልኝ ማርክ ይቀነስብኛል» ብሏችሁ ከሆነ እሱ የራሱ ድርሰት ነው። ለቴአትሩ ክፍል ብለን የጨመርነው ክፍያም የለም።

«ታዲያ ስልኩ ለምን አስፈለገ? ቴአትር ድሮም ያለ ስልክ ይሠራ ነበር» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ልክ ናችሁ፣ ይሠራ ነበር። አንድ አዘጋጅ ከአሥር ተዋናይ ጋር ሁለት ወር ሲቀመጥ ስልክ አያስፈልገውም። የእኛ መምህር ግን ያለው 40 ደቂቃና 42 ልጅ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ስህተቱን ልንገር ቢል ለአንዱ አንድ ደቂቃ እንኳ አይደርሰውም። ልጁ ራሱን ካየና ከሰማ ግን ብዙውን ሳይነገረው ያርመዋል።

የሚታረመው ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባችኋል። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ልጆች ደግሞ ትንፋሻቸው ሲያልቅ መጨረሻውን ይውጡታል። «ወንድሜ ትናንት ከገበያ ሲመለስ ገንዘቡን…» ብሎ ቀሪውን የዋጠ ልጅ፣ ገንዘቡ ይጥፋ፣ ይሰረቅ ወይም ይገኝ፣ ተመልካቹ ሳያውቅ ይቀራል። ለእሱ ለራሱ ሲናገር የጨረሰ ይመስለዋል፤ በቅጂው ሲሰማው ነው የሚደነግጠው። ሁለተኛው የመጥበቅና የመላላት ነገር ነው። ፊደላችን ይህን አያሳይም፤ «ገና» ሲላላ «እስካሁን» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋነኛው ነው። ልጁ ድርሰቱን በዓይኑ ብቻ አጥንቶ ከመጣ መድረክ ላይ ያደናግረዋል። ሦስተኛው ለተመልካች ጀርባ መስጠት ነው፤ ይህን ደግሞ ሃያ ጊዜ ቢነገረው ያላመነ ልጅ አንድ ጊዜ ሲያየው ያምናል።

ይህ «ጨዋታ» ነው የምትሉን ወላጆችም አላችሁ፤ «ለክልላዊ ፈተና አይመጣም» የሚለው ሐረግ በዚህ ዓመት ብቻ ስንት ጊዜ እንደተነገረን ቆጥረን አንዘልቀውም። ዓረፍተ ነገርን እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ጥርት አድርጎ መናገር የትኛውን ትምህርት እንደሚጎዳ ንገሩን። በአማርኛ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የዚሁ የሸዋ ሰው ናቸው፤ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁትም እሳቸው ናቸው። ተውኔቱ ከቁም ነገር አላስቀራቸውም።

ስልኩ ከበር ጀምሮ እንዲህ ይያዛል። በክፍሉ በር አጠገብ ቁጥር የተጻፈበት የጨርቅ ኪስ ተሰቅሏል። ልጁ ጠዋት ስልኩን ዘግቶ ለክፍል ኃላፊው መምህር ያስረክባል፤ ስሙና የስልኩ ዓይነት ይመዘገባል፤ ስልኩ የቴአትር ክፍለ ጊዜ እስኪደርስ ቢሮ ተቆልፎበት ይቆያል። ሰዓቱ ሲደርስ ከነቁጥሩ ወደ ኪሱ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች የትንፋሽና የድምፅ ማሟሟቂያ ናቸው፤ በዚያ ሰዓት ስልክ የነካ ልጅ የለም። ቀጥሎ 7ቱ ቡድኖች በየተራ እስከ 3 ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ሲደመር 21 ደቂቃ ነው። የሚቀረጸው እየተጫወተ ያለው ቡድን ብቻ ነው፤ በዚያው ቡድን ስልክ። ቀሪው ጊዜ ቅጂውን አይቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ ስለ ራሱ ሁለት ነገር ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ቪዲዮውን አጥፍቶ ለመውጣት ነው። ስለ ሌላው ልጅ አይጽፍም፤ ይህ የመምህሩ ሥራ ነው።

አቀራረጹም ደንብ አለው፤ ልጃችሁ ቤት ውስጥ ሲለማመድ ቢያግዛችሁ እንጽፈዋለን። ስልኩ ይጋደማል፤ ከቆመ ጠርዝ ላይ ያሉት ተዋንያን ይቆረጣሉ። ከ3 ሜትር ርቆ፣ በተዋንያኑ ደረት ከፍታ፣ ወንበር ላይ በተደራረበ መጽሐፍ ተደግፎ ይቀመጣል፤ በእጅ ከተያዘ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በላይ ከራቀ ደግሞ ከድምፁ ይልቅ የክፍሉ ማስተጋባት ይገባል። ዝናብ የቆርቆሮውን ጣራ ሲደበድበው ማንም ምንም አይሰማም፤ ያን ቀን እንቅስቃሴ ብቻ እንቀርጻለን። መስኮቱ በተዋናዩ ጀርባ መሆን የለበትም፤ ፊቱ ጠቁሮ ይቀራል። የቪዲዮው ጥራት ካሜራው ላይ 720 (720p) ይደረጋል። በዚህ ጥራት አንድ ደቂቃ፣ እንደ ስልኩ ዓይነት፣ 60 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል፤ በ1080 ከዚያ እጥፍ በላይ ይሆናል። ሚሞሪው የሞላ ስልክ የሚያቆመው ጨዋታው መሐል ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስልኩ ፍላይት ሞድ ላይ ይገባል። ይህን ልጆቹ እንደ ቁጣ ያዩታል፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። ብዙ ስልክ ፎቶና ቪዲዮን ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ቁጥር በራሱ ወደ ጉግል አካውንት ይሰቅላል፤ አካውንቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአባት ወይም የታላቅ ወንድም ነው። ማንም ሳያስበው የስድስት ልጆች ቪዲዮ አንድ ቤት ይገባል ማለት ነው። ስለዚህ ፍላይት ሞድ ሳይነሳ ይጠፋል። ሲጠፋም ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ከጋለሪ፣ አንዴ ደግሞ «በቅርቡ የጠፉ» ከሚለው ማኅደር። ብዙ ስልክ ላይ እዚያ ውስጥ አንድ ወር ይቀመጣልና።

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው አቤቱታ የሚመጣው። «የገዛ ልጄን ቪዲዮ ማየት መብቴ ነው።» መብታችሁ ነው፤ አልካድንም። ችግሩ የእናንተ ልጅ ብቻዋን አለመሆኗ ነው። በዚያው ቪዲዮ ውስጥ የአምስት ሌሎች ሰዎች ልጆች አሉ፤ የአንድ ወላጅ ፈቃድ የስድስት ወላጅ ፈቃድ አይሆንም። «እኔ ለማንም አላሳይም» ትሉናላችሁ፤ እናምናችኋለን። ለአክስቷ ብቻ የላካችሁትን አክስቷ ለማን እንደምትልከው ግን እናንተም አታውቁም። ቲክቶክ ራሱ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ አካውንት አይፈቅድም፤ በ7ኛ ክፍል ገና 13 ያልሞላቸው ልጆች አሉን።

ከዚህም የከፋው ትምህርቱን ማበላሸቱ ነው። ሌባ፣ ሰካራም ወይም ባልቴት ሆኖ የሚጫወት ልጅ ቪዲዮው ሰፈር እንደሚደርስ ካወቀ ግማሹን ይጫወተዋል፤ ምክንያቱም ነገ ስሙ «ሌባው» እንደሚሆን ያውቃል። ሌላው ደግሞ ጓደኛውን ትቶ ለስልኩ መጫወት ይጀምራል። ልምምድ የሚሳሳቱበት ቦታ ነው፤ የሚሳሳቱበት ቦታ ደግሞ ለሰው አይታይም።

ደንቡን የጣሰ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ስልኩ እስከ መውጫ ሰዓት ቢሮ ይቆያል፤ ማታውኑ ይመለሳል። «የልጄን ንብረት ወረሳችሁ» የሚል ስልክ እንዳትደውሉልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ ያደረ ስልክ የለም። በሁለተኛው ወላጅ መጥቶ ይወስዳል። በሦስተኛው የልጁ ስልክ አይገባም፤ ልጁ ግን ከቡድኑ አይወጣም፣ በትምህርት ቤቱ ስልክ ይቀጥላል። ቪዲዮ ወደ ውጭ ያወጣ ከሆነ ግን ደረጃ አንቆጥርም፤ የቡድኑ ወላጆች ሁሉ ተጠርተው በፊታቸው እንነጋገራለን። ተመዝግቦ የተረከብነው ስልክ ቢጠፋ ኃላፊነቱ የእኛ ነው፤ ሳይመዘገብ ቦርሳ ውስጥ የተደበቀው ግን አይደለም። «ድንገት ብፈልገው በምን አገኘዋለሁ?» ለሚለው፣ እንደ ወትሮው ወደ ቢሮ ደውሉ፤ ልጁን አስጠርተን እናገናኛችኋለን።

በመጨረሻ ልጆቹ ቴአትሩን ስለሚያሳዩበት ስለ ወላጆች ቀን። ለድምፅ የምንጠቀመው ስልክ ሲም የሌለው የትምህርት ቤቱ ስልክ ነው፤ ሲም ካለው የነጎድጓዱ ድምፅ ሊለቀቅ ሲል የአንድ ሰው አጎት ይደውልና ጥሪው በትልቁ ስፒከር ይወጣል። ከስፒከሩ ጋር የምናያይዘው በኬብል ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ያዘገያል፤ አንዳንዱ ስፒከር ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ዝም ካለ ራሱን ያጠፋል፣ በጨዋታው በር የሚንኳኳበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ አይሰማም። መብራት ቢሄድ በሚል ስፒከሩም ላፕቶፑም ባትሪያቸው ሞልቶ ያድራል። «ልጆቹ ኤሌክትሪክ ይነካሉ ወይ?» ላላችሁን፣ ዲቫይደርና ፓውዛ የሚነካው መምህሩ ብቻ ነው። ባለ 500 ዋት ፓውዛዎቹን ትተን ኤልኢዲ አድርገናል፤ የድሮዎቹ አራት ሲሆኑ 2,000 ዋት ነው፣ አንድ ዲቫይደር ላይ መጫን የለበትም፤ መጋረጃ ከተጠጋቸውም እሳት ያስነሳሉ።

የቀረው የእናንተው ስልክ ነው። ባለፉት ዓመታት ከፊት ረድፍ ተነሥተው የሚቀርጹ ወላጆች ከኋላ ያሉትን ጋርደዋል፤ ጨለማ ውስጥ የሚበራ ፍላሽ ደግሞ የተዋናዩን ዓይን ያጨልመዋል፣ ደረጃውን አያይም። ስለዚህ በዚህ ዓመት ተቀምጠን፣ ስልካችንን ዘግተን እናያለን፤ ርዕሰ መምህሩንም ጨምሮ። ከአዳራሹ መሐል፣ ከኋላ፣ አንድ ካሜራ ይቀርጻል። የቡድኑ ስድስት ወላጆች በሙሉ የፈቃድ ቅጹን ከፈረሙ ቪዲዮውን 8 ጊጋ ፍላሽ ይዛችሁ ከቢሮ ትወስዳላችሁ። አምስቱ ፈርመው አንዱ ካልፈረመ አንሰጥም፤ ያልፈረመው ማን እንደሆነም አንናገርም፤ እባካችሁ አትጠይቁን።

ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ፈርማችሁ እስከ መጪው ዓርብ በልጁ እጅ ላኩ። አልስማማም ብሎ መፈረምም ይቻላል፤ ቦታው ከታች አለ። ባዶውን የተመለሰ ቅጽ እንዳልተስማማችሁ ይቆጠራል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ