የነጭ ቅጠሎች ዓመት፦ የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን በጥቅምት ሥራ ሲጀምር የነበረን ካሜራ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ባትሪው አይቆይም። ስለዚህ ካሜራ የማይፈልግ ፎቶግራፍ ፍለጋ ገባን።

ያገኘነው አና አትኪንስ ዘንድ ነው። ይህች እንግሊዛዊት የዕፅዋት ተመራማሪ ጥቃቅን የባሕር አልጌዎችን በእጅ በትክክል መሣል ቢያስቸግራት፣ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ራሳቸውን አልጌዎቹን ወረቀት ላይ እያስቀመጠች በፀሐይ ታትም ጀመር። ሳይኖታይፕ የሚባለውን ይህን ዘዴ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል የፈለሰፈው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ወረቀቱ ሁለት የብረት ጨዎች ይቀባል፤ ታጥቦ ሲወጣ ፀሐይ ያገኘው ሰማያዊ፣ ቅጠል የጋረደው ነጭ ይሆናል። አትኪንስ በመጽሐፏ መግቢያ ላይ የፈረመችው በስሟ መነሻ ፊደላት ብቻ ነው። በእኛ ፊደል «አ.አ.» ብዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ከኋላ የተቀመጡት «አዲስ አበባ!» ብለው ክፍሉን በሳቅ ሞሉት።

የመጀመሪያው ሙከራችን ከሸፈ። የተቀቡትን ወረቀቶች እንዲደርቁ መስኮት ሥር አስቀምጠናቸው ስለነበር ቅጠል ሳያርፍባቸው ሰማያዊ ሆኑ (ጥፋቱ የእኔ ነው)። ሁለተኛው ቀን ደግሞ ውኃ ጠፋ፤ በጀሪካን ቀድተን አጠብን። በታኅሣሥ ግን ጽድና ጤና አዳም በግቢው እንደ በርበሬ ተሰጡ።

ክርክሩ የተነሣው ያኔ ነው፦ ይህ ሳይንስ ነው ወይስ ጥበብ? እኔ የሥዕል መምህር ነኝና ውበቱ ከሰማያዊው ቀለም ነው ስል ከረምሁ። አብረውኝ ክበቡን የሚመሩት የባዮሎጂ መምህርት «ቅጠሉ ራሱን ነው ያተመው፤ እናንተ ምን ጨመራችሁ?» ይሉኛል። አራት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማኖሪያ) ስንጎበኝ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አንድ የደረቀ ናሙና ላይ ጣቷን ቀሰረች። ግንዱ ከወረቀቱ ስለረዘመ ሰብሳቢው አጥፎታል። «በየት በኩል እንደሚያጥፈው የመረጠው ሰው ነው» አለች። ከሁለታችንም የተሻለ መልስ ነበር። አትኪንስም አልጌው ወረቀቱ ላይ የት እንደሚያርፍ መርጣለች።

የዊልሰን ቤንትሊ ነገር ግን እስካሁን አልተፈታም። ይህ የአሜሪካዋ ቨርሞንት ገበሬ ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የበረዶ ቅንጣት አነሣ፤ እስኪሞት ከ5000 በላይ አድርሷቸዋል። ተማሪዎቹ «በረዶ» ስላቸው የመጣላቸው ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው፤ ስድስት ጎን ያለው ጥልፍ የመሰለ ነገር ሲያዩ አላመኑኝም። ችግሩ ቤንትሊ ዳራው ጥቁር እንዲሆን በኔጌቲቩ (ጥቁርና ነጩ ተገልብጦ በሚታይበት የፎቶ መነሻ) ላይ የቅንጣቱን ዙሪያ በስለት ይፍቅ ነበር። ግማሹ ክበብ «አጭበርብሯል» አለ፤ ሌላው «እንዲታይ ነው ያደረገው»። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። መምህርቷ አይደሉም።

በሰኔ ሥራዎቹን በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። መምህርቷ ከእያንዳንዱ ሥር ሳይንሳዊ ስሙ ይጻፍ አሉ፤ እኔ ምንም አይጻፍ አልሁ። ልጆቹ ስሙን ከወረቀቱ ጀርባ ጻፉትና በአንድ ጠርዝ ብቻ ለጠፉት፤ የፈለገ ይገልብጠው። ማታ ስናወርዳቸው የሁሉም ወረቀቶች ጠርዝ በጣት ብዛት ተጨማዷል።